የማይታየው ብርሃንና ዋጋው
የቪልሄልም ሮንትገን የሕይወት ታሪክ

መግቢያ

በ1888 ዓ.ም. መባቻ ከሐረር የተነሣው የራስ መኮንን ጦር ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ገጥሞ ድል አደረገ። ከዚህ ውጊያ 29 ቀን አስቀድሞ፣ ማለትም ጥቅምት 29 ቀን፣ በጀርመን አገር ቩርትስቡርግ በምትባል ከተማ አንድ የ50 ዓመት መምህር በጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሲሠራ ማንም ሰው ልብ ብሎ ያልመረመረውን አንድ ነገር ተመለከተ። የሁለቱ ጉዳዮች ባለቤቶች አንዱ ስለሌላው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ዓመቱ ሳይፈጸም ሁለቱ ጉዳዮች ተገናኙ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አካባቢ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም፣ በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ ኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ ጥይቱ የቀረበትን ቦታ በአዲሱ ጨረር አማካይነት ለየ። ጨረሩ ለጦር ቁስለኛ ያገለገለበት በታሪክ የሚታወቀው የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው።

የአገራችን ሰው ይህን ጨረር ራጅ ብሎ ይጠራዋል። ቃሉ ጨረሮች የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። በሐረር ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር ቢጠየቅ ራጅ መነሣት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ራጁን ያገኘው ሰው ግን ማን እንደነበረ፣ በምን ሙያ እንደሠለጠነ፣ ከግኝቱም በኋላ ምን እንደደረሰ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። የማኅበራችን አባላት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ምክንያት አለ፤ ሰውዬው በመጀመሪያ ዲፕሎማው መካኒካል መሐንዲስ ነበር።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። በዘመናችን የሕክምና ምስል ጥናት ከውጭ በሚመጣ ጨረር ብቻ አልተወሰነም። ራሳቸው ብርሃን የሚሰጡ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶችን ወደ ደም ሥር በማስገባት ዕጢን ለይቶ ለማሳየት ብዙ ምርምር ይካሄዳል። ቅንጣቶቹ እንዲበሩ ማድረጉ ተችሏል። ጭንቁ ያለው ቅንጣቶቹ ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ በበሽተኛው ላይ ጉዳት ሳያደርሱ ከሰውነቱ እንዲወጡ በማድረጉ ላይ ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የሮንትገን ሕይወትና ከእርሱ በኋላ የሆነው ነገር ጥያቄው በጊዜው ሳይጠየቅ ሲቀር ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚያስከፍል ያስረዳል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1845 ሌኔፕ በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጨርቅ እያሠራ የሚነግድ ሰው ነበር። እናቱ ከሆላንድ ቤተሰብ ነበረች። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ የነበረው ሮንትገን የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ አፔልዶርን ወደምትባል የሆላንድ ከተማ ተዛወረ። በትምህርቱ ይህን ያህል የተለየ ጎበዝ አልነበረም። ይልቁንም በእጁ መሣሪያ መሥራትና መፈታታት፣ በሜዳና በጫካ መዘዋወር ይወድ ነበር።

በዩትሬክት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ አንድ መከራ አገኘው። አንድ ተማሪ በመምህሩ ላይ ለማፌዝ ሥዕል ሣለ። ሮንትገን ሥዕሉን የሣለውን ጓደኛውን እንዲያጋልጥ ቢጠየቅ እምቢ በማለቱ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በዚህም ምክንያት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ሳያገኝ ቀረ። የዚህ ወረቀት ጉድለት ለብዙ ዓመታት እንደ ጥላ ተከትሎታል።

እ.ኤ.አ. በ1865 የስዊዘርላንድ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ያለ ምስክር ወረቀቱ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1868 በመካኒካል ምሕንድስና ዲፕሎማውን አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ጋዞች ባቀረበው ጥናት የዶክተርነት ማዕረግ ተሰጠው። በዙሪክ ሳለ አውጉስት ኩንት የተባለው የፊዚክስ መምህር ችሎታውን ተመልክቶ ረዳቱ አደረገው። ከዚያም ወዲህ ሮንትገን የመሐንዲስን እጅ ከፊዚክስ ሊቅ ጥያቄ ጋር አጣምሮ መሥራት ጀመረ። መሣሪያዎቹን በተቻለው መጠን ራሱ ይሠራ ነበር። ልኬቱን ደጋግሞ ሳያረጋግጥም ምንም ነገር አያሳትምም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1870 መምህሩን ተከትሎ ወደ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ዩኒቨርሲቲው ግን የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት የለህም በማለት የማስተማር መብት ከለከለው። ይህን መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1874 በስትራስቡርግ ነበር። ከዚያም በሆሄንሃይም፣ እንደገና በስትራስቡርግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮም በጊሰን አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1888 ያ አንድ ጊዜ በሩን የዘጋበት የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1894ም የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆኖ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ1872 ያገባት ባለቤቱ አና በርታ ሉድቪግ የዙሪክ ልጅ ነበረች። ልጅ ስላልወለዱ የወንድሟን ልጅ ወስደው አሳድገዋል።

የጥቅምት 29 ምሽት

በዚያ ዘመን ብዙ የፊዚክስ ሊቃውንት አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚታየውን ክስተት ይመረምሩ ነበር። ሮንትገንም ይህንኑ ሥራ እየደገመ ሳለ ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895) ቱቦውን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ካርቶን ሸፈነው። ክፍሉንም አጨለመ። ኤሌክትሪኩን ሲለቅ ከቱቦው ራቅ ብሎ የነበረ፣ ባርየም ፕላቲኖሳያናይድ የተባለ ውሕድ የተቀባ ወረቀት በጨለማው ውስጥ በራ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ብርሃኑ ጠፋ። ሲለቀቅ እንደገና በራ።

አንድ ቁስ ከውጭ ጉልበት ተቀብሎ ያንኑ ጉልበት መልሶ በሚታይ ብርሃን መልክ የሚሰጥበት ይህ ጠባይ ፍሎረሰንስ ይባላል። እንግዲህ የሮንትገን ግኝት በር የከፈተው በፍሎረሰንስ ነው። ጨረሩ ራሱ በዓይን አይታይም፤ የታየው የቁሱ መብራት ነበር። ሮንትገን ወረቀቱን እስከ ሁለት ሜትር ቢያርቀውም መብራቱን አልተወም። በቱቦውና በወረቀቱ መካከል መጽሐፍ፣ ሳንቃ፣ የብረት ቅጠል እያስገባ ሞከረ። ጨረሩ አብዛኛውን አለፈ፤ እርሳስ ግን አገደው። እጁን ባስገባ ጊዜም የአጥንቱን ጥላ በወረቀቱ ላይ ተመለከተ።

ከዚህ በኋላ ለሰባት ሳምንታት ያህል ከቤተ ሙከራው አልወጣም ማለት ይቻላል፤ የሚበላውም የሚተኛውም እዚያው ነበር። ስላየው ነገር ለረዳቶቹ እንኳ አልነገራቸውም። ታኅሣሥ 13 ቀን ባለቤቱን ጠርቶ እጇን በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ እንድታሳርፍ አደረገና ለ15 ደቂቃ ያህል ጨረሩን ለቀቀባት። የጣቶቿ አጥንቶች ከነቀለበቷ ታዩ። በርታ የራሷን አጽም በሕይወት ሳለች በማየቷ እንደደነገጠች ይነገራል።

የመጀመሪያ ጽሑፉን ለቩርትስቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር ያስረከበው ታኅሣሥ 19 ቀን ነበር። ይህ ቀን በእኛ ዘንድ ቁልቢ ገብርኤል የሚነግሥበት ዕለት ነው። የጨረሩን ምንነት ገና ስላላወቀ፣ በሒሳብ ያልታወቀ ቁጥር በሚወከልበት ፊደል ኤክስ ጨረር ብሎ ሰየመው። ጥር 15 ቀን በዚሁ ማኅበር ፊት ቀርቦ ሲያስረዳ የአናቶሚ ሊቁን የኮሊከርን እጅ ፎቶግራፍ አነሣ። ኮሊከርም ጨረሩ በሮንትገን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ፤ እስከ ዛሬም በጀርመን አገር የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ብቻ ስለ ጨረሩ ከ1000 በላይ ጽሑፎች ታተሙ።

ገንዘብና ክብር

ብዙ ሰዎች ሮንትገን ግኝቱን በፓተንት አስመዝግቦ እንዲበለጽግበት መከሩት። እርሱ ግን ግኝቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው በሚል እምነት አላስመዘገበውም። የባቫሪያ መንግሥት ኒሻን ሲሰጠው ኒሻኑን ተቀብሎ ከኒሻኑ ጋር የሚመጣውን የመሳፍንት ማዕረግ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1901 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተሸላሚው እርሱ ሆነ። የሽልማቱን ገንዘብ ለቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ እንዲውል ተወ።

የመጨረሻ ዓመታቱ የደስታ አልነበሩም። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ታማ እ.ኤ.አ. በ1919 ሞተች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የደረሰው የዋጋ ንረት ያጠራቀመውን ገንዘብ ዋጋ ቢስ አደረገው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በ77 ዓመቱ በአንጀት ካንሰር ሙኒክ ላይ ሞተ፤ ጊሰን ከተማም ተቀበረ። የግል የምርምር ማስታወሻዎቹና ደብዳቤዎቹ እንዲቃጠሉ በተናዘዘው መሠረት ተቃጠሉ።

ከሮንትገን የሥራ ልማድ አንዱ በተለይ እኛን ይመለከታል። ሙከራውን ይሠራ የነበረው ከዚንክ በተሠራ፣ በቱቦው በኩል እርሳስ በተለበደበት ትልቅ ሣጥን ውስጥ ቆሞ ነበር። ሣጥኑን ያሠራው ክፍሉን ሁሉ ማጨለም ሳያስፈልገው ለመመልከትና የፎቶግራፍ ሰሌዳዎቹ እንዳይበላሹ ለመጠበቅ ነበር እንጂ ጨረሩ ሰውን እንደሚጎዳ ዐውቆ አልነበረም። ነገር ግን ለልኬቱ ጥራት ያደረገው ጥንቃቄ የራሱንም አካል ጠበቀለት። የሞተበት ካንሰር ከጨረሩ የመጣ ነው ተብሎ አይታመንም።

ሣጥን ያልነበራቸው

ሮንትገንን የተከተሉት ሠራተኞች እንዲህ ዓይነት ሣጥን አልነበራቸውም። ቱቦው በቂ ጨረር መስጠቱን የሚፈትኑት የራሳቸውን እጅ ከሰሌዳው ፊት በመያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ገና የፀጉር መርገፍና የቆዳ መቃጠል ወሬ ይሰማ ጀመር። ኤሊሁ ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነገሩን ለማረጋገጥ ትንሿን ጣቱን ሆን ብሎ ለጨረሩ አጋለጠ። ጣቱ ቆሰለ። የደረሰበትንም ጽፎ አስጠነቀቀ።

ቶማስ ኤዲሰን የተሻለ ብርሃን የሚሰጥ ቁስ ፈልጎ ካልሲየም ተንግስቴት የተቀባ የመመልከቻ ሣጥን ሠራ። በዚህ ሥራ የረዳው ክላረንስ ዳሊ እጆቹን በየቀኑ ለጨረሩ ሲያጋልጥ ቆየ። ቁስሉ ወደ ካንሰር ተለወጠ። ሁለት እጆቹ ተቆረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1904ም በ39 ዓመቱ ሞተ። ኤዲሰንም የጨረሩን ሥራ እርግፍ አድርጎ ተወ። ዊልያም ሮሊንስ የተባለ የቦስተን የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 ጨረሩ እንስሳትን እንደሚገድል በሙከራ አሳየ። ቱቦው በእርሳስ እንዲሸፈን፣ ጨረሩም በሚፈለገው የአካል ክፍል ላይ ብቻ እንዲያርፍ መከረ። ምክሩን በጊዜው የሰማው ጥቂት ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃ የጨረር መከላከያ ኮሚቴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1928 ስቶክሆልም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሐምቡርግ ከተማ ውስጥ በጨረር ሥራ ለሞቱ ሐኪሞችና ባለሙያዎች በቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ የ169 ሰዎች ስም ተቀርጿል።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ነገር መጨመር ይገባል። ጉዳቱን ከቀነሱት መፍትሔዎች አንዱ ያው ግኝቱን ያስገኘው ፍሎረሰንስ ነው። ፎቶግራፍ ፊልሙን በሚያበራ ሰሌዳ መካከል በማስቀመጥ አንድ ጨረር ብዙ የሚታይ ብርሃን እንዲሰጥ ተደረገ። በዚህም በበርታ እጅ ላይ 15 ደቂቃ የፈጀው ሥራ ወደ ሰከንድ ክፍልፋይ ወረደ። በኋላም ጋዶሊኒየምን ከመሳሰሉ ብርቅዬ ማዕድናት የተሠሩ ሰሌዳዎች ለበሽተኛው የሚደርሰውን ጨረር ይበልጥ ቀነሱት። እንግዲህ ብርሃን ሰጪው ቁስ በመሣሪያው ውስጥ ሲቀመጥ የበሽተኛ ጠባቂ ነበር።

ብርሃኑ ወደ ደም ሲገባ

ቁሱ ወደ ሰውነት ሲገባ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ቶሮትራስት ነው። ቶሮትራስት በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ረቂቅ የቶሪየም ኦክሳይድ ቅንጣቶች ነበሩ። ሮንትገን በሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ የደም ሥሮችን በራጅ አጉልቶ ለማሳየት ወደ ገበያ ወጣ። ምስሉ ግሩም ነበር፤ በሽተኛውም በዕለቱ ምንም ሕመም አይሰማውም። ነገር ግን ቅንጣቶቹ በኩላሊት በኩል ሊወጡ ስላልቻሉ በጉበትና በጣፊያ ተከማችተው ዕድሜ ልክ ቀሩ። ቶሪየም ራሱ ጨረር አመንጪ በመሆኑም ከ20ና ከ30 ዓመታት በኋላ በብዙ በሽተኞች ላይ የጉበት ካንሰር አስከተለ። መድኃኒቱ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሠራበት ቆይቶ ተተወ።

የዛሬዎቹ ብርሃን ሰጪ ቅንጣቶች ጨረር አመንጪ አይደሉም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ኳንተም ዶት የሚባሉት ቅንጣቶች የጥቂት ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቀለማቸው በመጠናቸው ይወሰናል፤ ትንሹ ወደ ሰማያዊ፣ ተለቁ ወደ ቀይ ያደላል። የእነዚህ ቅንጣቶች ግኝትና አሠራር እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ከሁሉ በተሻለ የሚያበሩት የተሠሩት ከካድሚየም ነው። ካድሚየም ኩላሊትንና ጉበትን የሚመርዝ ብረት ነው። የቅንጣቱ ገጽ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ወይም ብርቱ ብርሃን ሲያገኘው ካድሚየሙ እየተሸረፈ ይወጣል። ከቤተ ሙከራ ወደ በሽተኛ እንዳይሻገሩ ያገዳቸው ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ባለሙያዎች የያዟቸው መፍትሔዎች ለመሐንዲስ እንግዳ አይደሉም። የመጀመሪያው ቅንጣቱን በዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት መሸፈን፣ በላዩም ሰውነት የማይቆጣውን ፖሊመር ማልበስ ነው፤ ይህ ከሮንትገን የዚንክና የእርሳስ ሣጥን ጋር በሐሳብ ይመሳሰላል። ነገር ግን ቅርፊት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ካድሚየምን ትቶ በሲሊከን፣ በካርቦን ወይም በኢንዲየም ፎስፋይድ መተካት ነው። ሦስተኛው መጠንን መወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የቅንጣቱ ስፋት ከ5.5 ናኖሜትር ገደማ ሲያንስ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል፤ ሲበልጥ ግን በጉበት ይቀራል። አራተኛው በቀይና በታሕተ ቀይ መካከል ባለው ብርሃን መጠቀም ነው፤ ይህ ብርሃን ሥጋን በተሻለ ሁኔታ ስለሚያልፍ አነስተኛ መጠን ያለው ቅንጣት ይበቃል። በዚህ መንገድ የተሠሩ፣ ቀለም ያዘሉ ከ10 ናኖሜትር ያነሱ የሲሊካ ቅንጣቶች እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በሰው ላይ እንዲሞከሩ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ውጤትም በአምስት በሽተኞች ላይ መርዛማ ጠባይ ሳይታይ ቅንጣቶቹ በኩላሊት በኩል መውጣታቸውን አመለከተ። አምስት ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም በቶሮትራስት ጊዜ ከ20 ዓመት በኋላ የተጠየቀው ጥያቄ አሁን በመጀመሪያው ቀን መጠየቁ ትልቅ ዕድገት ነው።

ለእኛ የሚቀረው

ራስ መኮንን ከዓድዋ በኋላ በሐረር ሆስፒታል አቋቁመው ከጓዴሎፕ የመጣውን ሐኪም ቪታሊያንን ሾመውበት ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ሮንትገን በሙኒክ ያስተምር ነበር። ዛሬ በሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። በአገር ደረጃም በ1986 ዓ.ም. ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ የራጅ ክፍል ያለ ፈቃድና ያለ ቁጥጥር እንዳይሠራ ሕግ አለ።

ሕጉ በግድግዳ ላይ ሲተረጎም የሚሆነውን የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ተመልክቷል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የጤና ድርጅት መሣሪያ ለመጠገን ሄዶ ሳለ፣ ባለሙያው የሚለብሰው የእርሳስ ሽርጥ ታጥፎ በምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘ። ሽርጡ ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል። በራጅ ሲታይ ግን በእጥፋቱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር። ለስንት ጊዜ እንዲሁ እንደተለበሰ የሚናገር መዝገብ አልተገኘም። በማግሥቱ ሽርጡ ተወግዶ በሌላ ተተካ፤ ሽርጦችም ሳይታጠፉ የሚሰቀሉበት ወፍራም ዘንግ ተበጀ። የዘንጉ ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ብርሃን ሰጪ ቅንጣቶችም አንድ ቀን ወደ ሆስፒታሎቻችን መምጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የመሣሪያው ገዥ፣ ተካይና ጠጋኝ ሆነን የምንቀርበው እኛ ነን። ሻጩ ምስሉ ምን ያህል እንደሚጠራ አስቀድሞ ያሳየናል። እኛ ደግሞ ቅንጣቱ ከምን እንደተሠራ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት በየትኛው በኩል ከሰውነት እንደሚወጣ፣ ለዚህም በሰው ላይ የተደረገ ማስረጃ መኖሩን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ልንጠይቅ ይገባል። ሮንትገን ሣጥኑን የሠራው ሰሌዳዎቹን ሊጠብቅ ነበር። እኛ የጉዳቱን ታሪክ ስለምናውቅ ሣጥኑን የምንሠራው ለበሽተኛውና ለባለሙያው ነው።